የረቡዕ ሊጥ

ልጄ ሰላም ፓስታ ልትቀቅል ስትነሣ መጀመሪያ የሚሰማው የውኃ ድምፅ አይደለም፤ የስብራት ድምፅ ነው። ጥቅሉን ከላስቲኩ አውጥታ እንደ ጭራሮ በሁለት እጇ ትጨብጠዋለች፣ ከድስቱ አፍ በላይ ይዛ ቀሽ ታደርገዋለች፣ ያም አልበቃ ብሏት ግማሾቹን ደርባ እንደገና ትሰብራቸዋለች፤ ስባሪው በምድጃውና በወለሉ ላይ ይበተናል፤ የልጅ ልጄ ሊያ ተንበርክካ ትለቅመዋለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ውኃው ገና ለብ ብሎ ከድስቱ ሥር ጥቃቅን አረፋ ማውጣት ሲጀምር ነው። መቐለ ውስጥ ሓድነት ሰፈር ባለው በእርሷና በባሏ ቤት ወጥ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ከሶፋው ሳልነሣ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ጋዜጣዬን ዝቅ አድርጌ ውኃው ይፍላ እላለሁ፤ እርሷም ከመጋረጃው ጀርባ ይፈላል አባ ትለኛለች፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እዚህ ቤት መኖር ከጀመርኩ አንሥቶ ስለ ምግብ በመካከላችን የሚደረገው ውይይት ከዚህ አልፎ አያውቅም።

ለሚሰማኝ ሰው የማስረዳው ብዙ ነበረኝ። የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው፤ ጡረታ እስክወጣም የሠራሁት ውኃ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው፤ ስለ ውኃ መፍላት አስተያየት ለመስጠት የሚያበቃ ነገር አለኝ ብዬ አምናለሁ። መቐለ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ውኃዋ የሚፈላው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ነው፤ ስለዚህ በጥቅሉ ጀርባ የታተመው ደቂቃ በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው እንጂ ለእኛ አይሆንም፤ ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ጥቂት ነው ያልኩት። የእኔ ልጅ ግን ፓስታውን ጥዳ ሊያን ታጥባለች፣ ልብስ ታጣጥፋለች፣ ከጎረቤት ጋር በአጥር ላይ ታወራለች፤ ተመልሳ ስትመጣ በድስቱ ውስጥ ያለው ነገር የቱ ጋ ጀምሮ የቱ ጋ እንደሚያልቅ መለየት የሚችል ዐይን የለም። ከዚያ በርበሬ የበዛበት ስጎ ይደፋበታል፣ ከሥሩ እንጀራ ይነጠፍለታል፣ እኛም ስንዴውን በጤፍ እየጠቀለልን እንጎርሳለን። ሹካ ስጠይቅ ሊያ ትስቅብኛለች።

ዓዲ ሓቂ በሚባለው ሰፈር ቤት የተከራዩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ ብሰው ተገኝተዋል። የደረቀ ኑድል በወረቀት ኩባያ ይገዛሉ፣ ትኩስ ውኃ ያፈሱበታል፣ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው ስልክ እየነካኩ ይበሉታል፣ ኩባያውንም መንገድ ላይ ይጥሉታል፤ ይህንንም እራት ብለው ይጠሩታል። እነርሱን አይቼ ወደ ቤት የተመለስኩ ቀን የሰላም ድስት የንጉሥ ማዕድ ይመስለኛል፤ ምስጋናዬ ግን ገበታ እስክቀርብ አይቆይም።

ባለፈው ረቡዕ ማታ ያው ስብራት ሲሰማ እንደ ልማዴ ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ደረቅ ፓስታ ሲሰበር የሚወጣ፣ ማንም ልብ የማይለው ቀጭን የዱቄት ሽታ አለ፤ ጥሬ፣ ትንሽ ጣፋጭ፣ ፀሐይ የመታው ክምር የሚሸተውን ዓይነት። በመጋረጃው ሥር አልፎ መጣ። ውኃው ብዬ ጀመርኩና ሳልጨርሰው ቀረሁ።

ያ ሽታ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር የነበረው የኪራይ ቤታችን ሽታ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ብቻ ያለፉበት ጊዜ ነበር፤ ከተማዋ እንደ አዲስ ልትሠራ ተነሥታ ከጠዋት እስከ ማታ የድንጋይ ጠራቢ መዶሻ የማይሰማበት ሰፈር አልነበረም፤ ከጠራቢዎቹ የሚነሣው ነጭ ብናኝ በየመስኮቱ ላይ ስለሚያርፍ የእኔን ዱቄት ከእነርሱ ድንጋይ ለመለየት አንዳንዴ በጣት ነክቶ መቅመስ ያስፈልግ ነበር። ቤቱ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው፣ ክረምት ላይ የሚያልበው፣ በጋ ላይ እንደ ጉድጓድ የሚቀዘቅዝ፣ ሁለት ክፍልና ቆርቆሮ የለበሰች ጠባብ ወጥ ቤት ያለው ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ከወሎ መጥተው ጨርቅ የሚነግዱ ሰውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሃራ ይኖሩ ነበር፤ እንጀራ የምገዛው ከእርሳቸው ነው። መብራት ማታ ማታ፣ በተለይ እጅ በሊጥ በተሞላበት ሰዓት፣ የመጥፋት ልማድ ነበረው።

ባለቤቴ ብርኽቲ ነርስ ነበረች። በዚያ ዓመት ትምህርቷን እንድታሻሽል ለሁለት ዓመት ወደ አዲስ አበባ ተላከች፤ ዕድሉ እንዳያመልጣት አጥብቄ የገፋፋኋት እኔ ነኝ፤ የቤቱንም ነገር ለእኔ ተዪው ብዬ በሙሉ ልብ ተናገርኩ፤ ሰላም ያኔ ትምህርት ቤት ለመግባት ትንሽ የቀራት ልጅ ነበረች፣ ያለችንም እርሷ ብቻ ነበረች። ብርኽቲ በተሳፈረች ማግሥት እናቷ አደይ ምሕረት ከኲሓ መጡ። ኲሓ ከመቐለ በሚኒባስ ቅርብ ናት፤ ለአማች የሚበቃውን ያህል ርቀት እንኳ የላትም። አደይ ምሕረት ቀጭን፣ ነጭ የለበሱ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት ነበሩ፤ የሚናገሩትን ሁሉ አስቀድመው የጨረሱት ይመስል ነበር። ተቀምጠው ውኃ ከጠጡ በኋላ፣ ሴት የሌለበት ቤት ምሽት እንደሌለው፣ ወንድ ልጅ ቁርስ ሊሰጥ እንደሚችል፣ ምሳም ቢሆን ከጎረቤት እንደሚገኝ፣ እራት ግን ሌላ ነገር እንደሆነ፣ ስለዚህም ልጅቷ እናቷ እስክትመለስ ኲሓ መሄድ እንዳለባት በእርጋታ አስረዱኝ።

አይሆንም አልኳቸው። የልጄ ድምፅ የሌለበትን ያንን የድንጋይ ቤት ለአንድ ምሽት እንኳ ማሰብ አልቻልኩም ነበር፤ ያንን መናገር ግን ለወንድ ሰው ስለማይቀና ስለ ክትባትና ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ ተናገርኩ። ተከራክረን ተከራክረን የደረስንበት ስምምነት ይህ ነበር፤ እርሳቸው ሲመቻቸው ሳይናገሩ ይመጣሉ፤ ልጅቷ ማታ የሚረባ ምግብ ስትበላ ካገኟት ትቀራለች፤ ካላገኟት ይዘዋት ይሄዳሉ። ብርኽቲም ከቴሌ ስደውልላት እሺ አለች፤ ከእናቴ ጋር ብቻ እንዳትጣላ ብላ አስጠነቀቀችኝ። እንዲህ ሆኖ የልጄ ከእኔ ጋር መኖር አለመኖር በእራት የሚወሰን ሆነ።

ወጥ ሞክሬአለሁ። ሽንኩርት የሚፈልገውን ትዕግሥት አውቀዋለሁ፣ ላቦራቶሪ ውስጥም ከዚያ የረዘመ ነገር ጠብቄ አውቃለሁ፤ ከሥራ የገባ ሰው፣ ልጅ እግሩ ሥር ተቀምጣ ራበኝ እያለች፣ ያንን ማድረግ ግን አይችልም። ሽሮዬ ይጓጉል ነበር። ከሱቅ የሚገኘው ፓስታ በዚያ ጊዜ መቼ እንደመጣ ባለሱቁም የማያውቀው፣ ሲቀቀል ነቀዙ ከላይ የሚንሳፈፍ ነበር። የፉርኖ ዱቄት ግን ጥሩ ይገኝ ነበር፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ የተከራየሁባቸው ሴትዮ ቀደም ሲል ለጣልያን ቤተሰብ ምግብ ያበስሉ የነበሩ ስለሆኑ፣ ሊጥ ሲያቦኩና ሲዳምጡ በየእሑዱ አይቻቸው ነበር። ያየሁትን አስታወስኩ፤ ያላስታወስኩትን እየሞከርኩ አገኘሁት።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑም ነው ዛሬ የሚያበሳጨኝ። ዱቄቱን ሰሌዳ ላይ ከምሮ መካከሉን እንደ ጉድጓድ መክፈት፣ ዕንቁላል መስበር፣ ጨው፣ ከዳር ወደ መሐል በጣት እየሳቡ ማዋሐድ፣ ከዚያ ሊጡ የጆሮ ጫፍ እስኪመስል ድረስ ማሸት። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ማሳረፍ። በጠርሙስ መዳመጥ፣ መጠቅለል፣ በስለት መቁረጥ፣ መበተን። የሚቆረጠው በሚመገበው ሰው ልክ ነው። ሰኞ ሰኞ ሰፋ ሰፋ አድርጌ ቆርጬ በቅቤና በነጭ ሽንኩርት፤ ሌላ ቀን በቲማቲም፤ የቀረው ቁርጥራጭ ደግሞ በማግሥቱ ምስር ሾርባ ውስጥ ይገባል፣ የሾርባውም ጣዕም ከዋናው ይበልጥ ነበር። የጾም ቀን ሊጥ ግን ሌላ ነው። ለረቡዕና ለዓርብ ዕንቁላል አይገባም፤ ለብ ያለ ውኃና ዘይት ብቻ፤ ይህ ሊጥ ደረቅና አመጸኛ ነው፣ ሲዳምጡት ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሲቆርጡት ይሰነጠቃል፤ ለእርሱ መፍትሔ ለማግኘት ስንት ምሽት እንደደከምኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የተቆረጠው የሚሰቀለው ከቁም ሣጥኑ ምስማር እስከ መስኮቱ በተዘረጋ ሲባጎ ላይ ነበር። መስቀል የሰላም ሥራ ነው። በርጩማ ላይ ቆማ እያንዳንዱን ክር በሁለት ጣቷ አንሥታ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ሁለቱ ጫፍ እኩል እስኪሆን ድረስ እያስተካከለች ትሰቅለው ነበር፤ እኩል ካልሆነ ታወርደዋለች፤ ይህንን ባሕርይ ከማን እንደወሰደች መጠየቅ አያስፈልግም። ቅንድቧ ላይ፣ ሽፋሽፍቷ ላይ ዱቄት ይቀመጥ ነበር። ሌላው ሥራዋ ዕንቁላል መስበር ነው፤ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አንድ ጊዜ መታ አድርጋ፣ አስኳሉን ሳትነካ፣ ቅርፊቱን ደግሞ ደጅ ያለው ጤና አዳም ሥር ወስዳ ትቀብረዋለች፤ እንዲህ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ካልሲየም አለው።

ሰፈሩ ዝም አላለም። ወይዘሮ ዘሃራ እንጀራ ሲያመጡ በመስኮቱ ሲባጎውን አይተው ብዙ ቆዩና፣ ጋሼ፣ አልጋ ሊጠፍሩ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ የተሰቀለው ጠፍር መስሏቸው ነው። የሚበላ ነገር እንደሆነ ስነግራቸው አልሐምዱሊላህ ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ እንጀራ ባመጡ ቁጥር ጠፍሩ ደረቀ ወይ ሳይሉ አይገቡም ነበር። በመሥሪያ ቤት ደግሞ ባልደረቦቼ ጠዋት ጠዋት ጥፍሬን ይመረምሩ ነበር፤ በጥፍሬ ሥር ሊጥ ካገኙ የዕለቱ ናሙና ውጤት ይህ ነው ብለው ይተርቡኝ ነበር። እኔ ግን ማታ በሩን ከፍቼ ስገባ ልጄ ሮጣ የዛሬው ሰፊው ነው ወይስ ቀጭኑ ብላ ስትጠይቀኝ የሁሉም ቀልድ ይረሳኝ ነበር። በሹካ መጠቅለል አስተምሬአት ነበር፤ አንድ ክር ሳይንጠለጠል።

አደይ ምሕረት የመጡት ማክሰኞ ከሰዓት ነው፤ ኅዳር፣ ነፋሱ አቧራውን እያነሣ በየበሩ የሚጥልበት ወቅት። ዐይናቸውን ለማሳየት ሐሙስ ቀጠሮ ስላላቸው እስከዚያ እንደሚያድሩ ነገሩኝ፤ ለሰላም ደግሞ ዶሮዎቻቸው የጣሉትን ዕንቁላል በጭድ ሸፍነው በሰፌድ አምጥተው ነበር። ልጅቷን ወደ ብርሃን አውጥተው ክንዷን ዳበሱ፣ ጉንጯን ያዙ። የማክሰኞን እራት ወይዘሮ ዘሃራ ለእንግዳ ክብር ብለው የላኩት ወጥ ስለሸፈነው፣ ያው የሚጠበቀው ፈተና ወደ ረቡዕ ተላለፈ። ረቡዕ ሥራ እንደሚያመሸኝ አውቅ ስለነበረ ሊጡን በዋዜማው ለማቡካት ተነሣሁ። የጾሙን ሊጥ፣ አመጸኛውን።

መብራት ጠፍቶ ነበር። በፋኖስ ብርሃን ዱቄቱን ከመርኩ፣ ጉድጓዱን ከፈትኩ፣ ዘይትና ጨው ጨመርኩ፤ ውኃው ለብ እንዲል ምድጃ ላይ ትቼ ሳለ ወይዘሮ ዘሃራ ወጡን የላኩበትን ዕቃ ለመውሰድ ከደጅ ተጣሩ። ወጣሁ፤ ጠፍሩን ጠየቁኝ፤ መለስኩላቸው፤ ስለ እንግዳዬ ጤንነት ጠየቁኝ፤ መለስኩላቸው። ስገባ ሰላም በርጩማዋ ላይ ቆማ ሁለት እጇን እስከ አንጓዋ ሊጥ ውስጥ ከታ አገኘኋት። እኔ ጀመርኩልህ አባ አለችኝ። ውኃውን ጨመርሽ ወይ ስላት ራሷን በኩራት ነቀነቀች። ጎበዝ አልኳትና ተቀበልኳት።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የጾም ሊጥ ነክቼ አላውቅም። ታዛዥ ነበር። ስስበው ይሳባል፣ ሳሸው ይመለሳል፣ በጠርሙሱ ሥር እንደ ሐር ተዘረጋ፣ ስቆርጠው አልተሰነጠቀም። በፋኖስ ብርሃን ሁሉም ነገር ቢጫ ስለሆነ ቀለሙ ምንም አልነገረኝም። ውኃው ሙቀቱ ልክ ስለነበረ ነው አልኩ፤ ቀጥሎም በእርጥብ ጨርቅ ያሳረፍኩበት ሰዓት ነው አልኩ፤ በመጨረሻ ለሰላም፣ አየሽ፣ ነገሩ የትዕግሥት ነው ብዬ አጭር ትምህርት ሰጠኋት፤ እርሷም ክሮቹን እኩል እኩል እየሰቀለች በጥሞና አዳመጠችኝ። አደይ ምሕረት ከሌላው ክፍል ጸሎታቸውን ጨርሰው ብቅ ብለው ሲባጎውን አዩ፤ ይኼ ነው ወይ ብለው ተመለሱ።

ረቡዕ ማታም መብራት አልነበረም፤ ነጭ ሽንኩርት በዘይት፣ ቲማቲም፣ ትንሽ ቃሪያ፣ ከላይም በሶብላ አድርጌ አቀረብኩ። ለአደይ ምሕረት ሹካ አስቀምጬ ነበር፤ በአንድ ጣታቸው ገፋ አድርገው እንጀራ ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው፤ ዞር ብዬ ፋኖሱን እንደማስተካክል ሆንኩ፤ የደከምኩበት ነገር በእንጀራ ሲጠቀለል ማየት አልፈለግኩም። ጎረሱ። ደገሙ። ሰላም ከጎናቸው በሹካዋ እየጠቀለለች፣ አንድም ሳታንጠለጥል፣ አፏን በቲማቲም አቅልማ ትበላ ነበር። አደይ ምሕረት ሳህናቸው ሲያልቅ ሳይጠየቁ ወደ ድስቱ ተመለከቱ፤ ጨመርኩላቸው፤ ያንንም ጨረሱ። ከዚያ እጃቸውን በእጃቸው ጠርገው፣ ያንን አስቀድሞ ያለቀ ድምፃቸውን አውጥተው እንዲህ አሉኝ፦

«ወደይ፣ ልጅቷ አልቀጠነችም። በቃ፣ እናቷ እስክትመጣ እዚሁ ትሁን።»

ወደይ ልጄ ማለት ነው፤ ከሠርጋችን ቀን ወዲህ እንደዚያ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም ነበር። ከእኔ ቀድማ ሰላም ማመስገን ያለባት እርሷ መሆኗን ያወቀች ይመስል ወደ አያቷ ተጠጋች።

«ዓባየይ፣ ያመጣሻቸው ዕንቁላሎች እኮ ናቸው። እኔ ነኝ የሰበርኳቸው።»

 አደይ ምሕረት አልጮሁም። በእጃቸው የቀረችውን ቁራሽ እንጀራ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖሯት፤ ተነሥተው ደጅ ወጡ፤ ሲጉመጠመጡ ሰማሁ፤ ብዙ ጊዜ። ሲመለሱ ሰላምን ራሷን ዳበሱ፤ በእርሷ አልተቆጡም፤ ያን መመስከር አለብኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው፤ በዚህ ቤት ረቡዕ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የለም። ለንስሓ አባቴ እነግራለሁ፤ የእኔስ ቀላል ነው። ልጅቷን ግን ሐሙስ ይዣት እሄዳለሁ።»

አስረዳሁ። ሁለት ዓይነት ሊጥ እንዳለ፣ የረቡዕ ሊጥ ዕንቁላል እንደማይገባበት፣ እንዲያውም በዚህ ጉዳይ እኔን ያህል የተጠነቀቀ ሰው በከተማዋ እንደሌለ፣ መብራት እንደጠፋ፣ ወይዘሮ ዘሃራ እንደጠሩኝ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳሁ። እየሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። በጨረስኩ ጊዜ ትክክል ነው፣ አሉ፤ እኔ የጠየቅኩህ ሊጡን ሳይሆን ልጅቷን ማን እንደሚያይ ነው፣ አሉ። የዚህን መልስ በላቦራቶሪ አልተማርኩትም። በማግሥቱ ለብርኽቲ ከቴሌ ደወልኩላት፤ ከእናቴ ጋር አትጣላ አለችኝ።

ሐሙስ ከቀጠሯቸው በኋላ ሄዱ። ሰላም ልብሷን በፌስታል ይዛ፣ በአያቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ፣ በሚኒባሱ መስኮት እያየችኝ ሄደች። አላለቀሰችም፤ ባለማልቀሷ ተጽናንቼ ነበር። ማታ ቤት ስገባ በሲባጎው ላይ የቀረ ጥቂት ክር ነበር፤ ሁለቱ ጫፍ እኩል። ደርቆ ራሱ ተሰብሮ እስኪወድቅ ድረስ አላወረድኩትም።

በየእሑዱ ኲሓ እሄድ ነበር። ወፍራ፣ ቀልታ፣ ከዶሮ ጋር ስትሮጥ አገኛት ነበር፤ አደይ ምሕረት እንደ ዐይናቸው ብሌን ይጠብቋት ነበር፤ በዚያ ረገድ የምወቅሳቸው ነገር አልነበረኝም፤ አለመኖሩም ያበሳጨኝ ነበር። ብርኽቲ ተመርቃ ስትመለስ ልጃችንም ተመለሰች፤ ቁመቷ ጨምሮ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ተለውጠው፣ ሌላ ምላስ ይዛ። የእኔን ፓስታ አየችውና ረጅም ነው አለች። ይሰበር፣ ይብሰል፣ በእንጀራ ይሁን ትል ጀመር። ሲባጎውን ዳግም ዘረጋሁ፤ ሰሌዳውን አወጣሁ፤ ነይ ዕንቁላሉን ስበሪ ብዬ ጠራኋት። እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ደጋግሜ ጠራኋት፤ ደጋግማ ደበቀች። ይህ የአያቷ የጾም ትምህርት ነው ብዬ ተናደድኩ፤ ቀኑ ደግሞ ሰኞ ነበር። ሲባጎው የልብስ ማስጫ ሆነ። ብርኽቲ ወጥ ትሠራ ነበር፣ ግሩም ወጥ፤ በቤታችን ሊጥ ዳግመኛ አልተዳመጠም። እኔም ለልጄ የተረፈኝ ነገር ውኃው ይፍላ ማለት ብቻ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ባለፈው ረቡዕ፣ ያንን ሽታ አሽትቼ ዓረፍተ ነገሬን ካቋረጥኩ በኋላ፣ ለዓመታት ስቆጣበት እንጂ ጠይቄው የማላውቀውን ነገር ለመጠየቅ ተነሣሁ። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁና፣ ይህን ፓስታ እንዲህ አድርገሽ ስበሪው ያለሽ ማነው አልኳት።

«ዓባየይ ናት» አለችኝ ሳትዞር። «ኲሓ እያለሁ እየሰባበረች ነበር የምትቀቅልልኝ። ማታ ማታ እያለቀስኩ ስለምበላ ረጅሙ ያንቀኝ ነበር።»

«ምን ያስለቅስሽ ነበር?»

«ልጅ አይደለሁ እንዴ አባ? ዕንቁላሉን ስለ ሰበርኩ ያባረርከኝ ይመስለኝ ነበር።»

ይህን የተናገረችው እየሳቀች፣ የሳልሳውን ቆርቆሮ በማንኪያ እየፋቀች ነው፤ ሰው የልጅነቱን ሞኝነት ለልጁ እንደሚያወራው። ሊያ የቱን ዕንቁላል ብላ ጠየቀች። እኔ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። በሥራ ዘመኔ በዐይን የማይታይ ነገር ስመዝን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ ያለውን ጨው፣ ከጉድጓድ የመጣውን ኖራ፤ በየእሑዱ ኲሓ ድረስ ሄጄ፣ ወፍራለች፣ ቀልታለች ብዬ ስመለስ ግን ይህን ሳላየው ተመልሻለሁ። ከኋላዋ የደበቀቻቸው ሁለት እጆች ታዩኝ።

«ያ ሊጥ እኮ» አልኳት፣ «ከሠራኋቸው ሁሉ የተሳካው ነበር።»

«የቱ ሊጥ?» አለችኝ።

አታስታውሰውም። ሲባጎውን አታስታውስም፣ በርጩማውን፣ ጫፎቹን እኩል ስታደርግ ምላሷን የምታወጣበትን፣ በመስኮቱ ላይ የሚያርፈውን የድንጋይ ብናኝ፣ ሰፊው ነው ወይስ ቀጭኑ ብላ ሮጣ መጠየቋን አታስታውስም። ከዚያ ቤት ይዛው የወጣችው የዕንቁላሉን ስብራት ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ እኔ ዘንድ ነው ያለው፤ እኔ ደግሞ ሰባ ዓመት አልፎኛል።

በዚህ መካከል ባሏ ደውሎ ከአንድ የሥራ ጓደኛው ጋር እንደሚመጣ ነገራት፤ ድስቱ አነሰ፤ ሌላ ጥቅል እንዳቀብላት ጠየቀችኝ። ከመደርደሪያው አወረድኩት። ላስቲኩን ቀደድኩት። ሹካ ላይ የሚጠቀለል፣ ያለ አንዳች ስብራት ወደ ድስት መግባት ያለበት ረጅም፣ ቀጥ ያለ ፓስታ ነበር። በሁለት እጄ እንደ ጭራሮ ጨበጥኩት፣ ከድስቱ አፍ በላይ ያዝኩት፣ ሰበርኩት፤ ግማሾቹን ደርቤ እንደገና ሰበርኳቸው። ሰላም ማማሰሏን ትታ አየችኝ። ሊያ ተንበርክካ ከወለሉ መልቀም ጀመረች።

ውኃው ግን ገና አልፈላም ነበር፤ ያንን ሳልናገር አላለፍኩም።